ፓስዎርዴን ሳልነግረው ላፕቶፔን ከፍቶ መለሰልኝ፤ ምን ላድርግ?

ታይፒስቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ አካባቢ የመመረቂያ ጽሑፍ እየተየብኩ ነው የምተዳደረው። ባለፈው ሳምንት የላፕቶፔ ቻርጀር መሰኪያ እየላላ አስቸገረኝና ጥገና ሰጠሁት። በማግስቱ ልወስደው ስሄድ ልጁ ፈገግ ብሎ «ፓስዎርድ ሳትነግሪኝ ሄድሽ፤ ግን ችግር የለም፣ ከፍቼዋለሁ» አለኝ። ሳበራው ምንም ሳይጠይቀኝ ዴስክቶፑ ቁጭ! ፓስዎርዴ እኮ 11 ፊደል ነበር፤ ቁጥርም ምልክትም ያለበት። ልጁ ክፉ አይመስለኝም፣ እንዲያውም የረዳኝ መስሎታል። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ውስጡ የሰው ቲሲስ አለ፣ የተማሪዎች መታወቂያ ስካን አለ፣ የባንክ ደረሰኝ ሳይቀር አለ።

ባለቤቴ «ፒን አድርጊበት» ይለኛል። 11 ፊደል ያላቆመውን ሰው 4 ቁጥር ያቆመዋል? ዊንዶውስ 11 ሆም ነው፤ የማይክሮሶፍት አካውንት አላስገባሁበትም።

ዓባይ_ማዶ፦
ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው መቆጣጠሪያ) ላይ ፓስዎርድ አድርጊ፣ በፍላሽ እንዳይነሳም ዝጊው። ተገላገልሽ።

ማዘርቦርድ፦
እህቴ፣ እኔም ጥገና ላይ ነው የምሠራው። ልጁ ፓስዎርድሽን አላወቀውም፣ አጠፋው እንጂ። ኮምፒውተሩን በፍላሽ አስነስቶ ዲስኩ ውስጥ ከገባ በኋላ 11 ይሁን 30 ፊደል ለውጥ የለውም። እስቲ አንድ ነገር እዪልኝ፦ ክሮም ላይ ሴቭ ያደረግሻቸው ፓስዎርዶች አሉ? ዊንዶውስ እነሱን የሚቆልፈው በመግቢያ ፓስዎርድሽ ስለሆነ፣ ፓስዎርዱ በጉልበት ሲጠፋ አብረው ይበላሻሉ።

ዓባይ ማዶ፣ ያልከው አይከፋም። ግን ዲስኩን ፈትቼ የውጭ ዲስክ ኬዝ ውስጥ ከትቼ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብሰካው የአንተን ባዮስ ማን ይጠይቀዋል?

ዲስኩ ራሱ መመስጠር አለበት፤ ማለትም ውስጡ ያለው ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ መሆን አለበት። ሴቲንግ ግቢ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን። ሆም ላይ የማይክሮሶፍት አካውንት ይፈልጋል፤ መክፈቻ ቁልፉን እዚያ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ለአካውንቱም የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስዎርዱ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) አብሪለት። ቁልፉ 48 አሃዝ ነው። ወረቀት ላይ ጻፊው፣ ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ግን እንዳትከቺው! የላፕቶፑ ማዘርቦርድ (ዋናው ሰሌዳ) ሲቀየር፣ አንዳንዴም ባዮስ ሲታደስ ይጠይቅሻል። ያኔ ቁልፉ ከሌለ እኔም ልጁም ማይክሮሶፍትም አናወጣሽም። ሁለት ደንበኛ በዚህ አልቅሶብኛል።

ባለቤትሽ ግማሹን ልክ ነው። ፒኑ ከዚያ ላፕቶፕ ውጭ የትም አይሠራም፤ የሚጠብቀው ቲፒኤም የሚባለው ቺፕ ስለሆነም ደጋግሞ የሚሳሳተውን ሰው ያግደዋል። ዲስኩ ሳይመሰጠር ግን ያው ነው። ደግሞ 4 ቁጥር አታድርጊው፤ ፊደልም ይቀበላል፣ ፒኑን ስትሞዪ ከታች ያለችውን ሳጥን ምልክት ማድረግ ነው።

ለቻርጀር መሰኪያ፣ በነገራችን ላይ፣ ፓስዎርድ አያስፈልግም። ባዮስ ድረስ ገብቶ ቻርጅ መያዙን ማየት ይበቃል።

ገላጋይ፦
ልጆች ይነኩታል እንዴ? ከነኩት ለነሱ ስታንዳርድ የሚባለውን (መብቱ ውሱን የሆነውን) ለብቻ አካውንት ክፈቺላቸው። ሻይ ልታፈዪ ስትነሺም የዊንዶውሷን ቁልፍና ኤልን አንድ ላይ ተጫኚ፣ ይቆለፋል።

ታይፒስቷ፦
ማዘርቦርድ ወንድሜ፣ ክሮሙ እንዳልከው ባዶ ነው! እኔ ልጁ የሰረዘብኝ መስሎኝ በሆዴ ስረግመው ነበር።

ትናንት ማታ ኢንክሪፕሽኑን አበራሁት። መሀል ላይ መብራት ሄደ፣ ባትሪውም አልቆ ጠፋ፤ በቃ ተበላሸ ብዬ ነበር። ጠዋት ሳበራው ግን ካቆመበት ቀጠለ። ፒኑን 8 አደረግሁት፣ ፊደል ቀላቅዬ። ባለቤቴ አሁን እኔ ነኝ ያልኩሽ እያለ ነው።

ቁልፉን እቁብ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍኩት። እዚያ ማንም አይገባም።

ማዘርቦርድ፦
ጎበዝ። 6 6 አሃዝ ሆኖ 8 ቦታ ነው የሚከፈለው፤ ከስክሪኑ ጋር እያንዳንዱን አስተያዪው።

ታይፒስቷ፦
አስተያየሁት። አምስተኛው ላይ 3 ብዬ የጻፍኳት 8 ትመስላለች። ደግሜ ልጽፈው ነው።