ቮልሴ ቤንዚን ይበዛባታል፤ ካርቡራተሩ ይቀየር ወይስ ይጠገን?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. የ1968 ቮልስ አለችኝ፣ ሞተሯ 1300፣ ካርቡራተሯ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ሶሌክስ 30 ፒክት። ብዙ ጊዜ ቆማ ነበርና የቤንዚን ፖምፓዋን በአዲስ ቀይረን አስነሳናት። አሁን ማርሚታዋ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላዎቹ ረጥበውና ጠቁረው ይወጣሉ፣ የካርቡራተሩ ዙሪያ ሁሌ እርጥብ ነው፣ ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ሞቃ እያለች ካጠፋኋት እሺ ብላ አትነሳም። ጋራዥ ወስጃት «ካርቡራተሩ አልቆለታል፣ ሌላ ፈልግ» አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ

ወንድሜ መጀመሪያ ማስነሳቱን ተው። ዲስትሪቢውተሩ (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው) ከካርቡራተሩ ዝቅ ብሎ ነው ያለው፣ የሚንጠባጠበው ቤንዚን እዚያ ካረፈ እሳት ነው። የቮልስ ብሎክ ደግሞ የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፣ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የዘይት መለኪያውንም አውጥተህ አሽትት። ሞተሩ የሚይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ ትንሽ ቤንዚን ከገባበት ዘይቱ ቶሎ ይቀጥናል፤ ከሸተተ ቀይረው።

ከዚያ የካርቡራተሩን የላይኛውን ክዳን ፍታና ገልብጠው። ቤንዚኑ ልኩ ሲደርስ መግቢያውን የሚዘጋው መርፌ ያለው እዚያው ክዳኑ ላይ ነው። ሲገለበጥ በራሱ ክብደት መዝጋት አለበት፤ በቤንዚን መግቢያው በኩል በአፍህ ንፋ፣ አየር ካለፈ መርፌው አልቋል ወይም ቆሻሻ ይዞታል። ቤንዚኑ ላይ ተንሳፍፎ መርፌውን የሚገፋውን ተንሳፋፊ ደግሞ ጆሮህ ጋ አድርገህ ነቅንቀው፣ ውስጡ ቤንዚን ካንቦጫረቀ ተሰንጥቋል። ሙሉ ካርቡራተር የሚያስቀይር ነገር እስካሁን አላየሁም።

መልስ

አዲስ አበባ ከሆንክ ከፍታው ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ነው፣ ዋናውን ጄት (ቤንዚን ተለክቶ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) አነስ ባለ ቀይረው።

መልስ

ከፍታው ጭሱን ሊያጠቁረው ይችላል፣ እሺ። ግን ጄት ቢሰፋም ቢጠብም ቤንዚን በክዳኑ ጠርዝ አያስወጣም። ዙሪያው እርጥብ ነው እያለ እኮ ነው! ይህ ቤንዚኑ ከልኩ በላይ እየሞላ መሆኑን ነው የሚናገረው።

እኔ የምጠረጥረው አዲሱን ፖምፓ ነው። አንዳንዱ አዲስ ፖምፓ ከአሮጌው የበለጠ ይገፋል፣ ደህና መርፌ እንኳ አይችለውም። ከፖምፓው ሥር ጋርኒሲዮን (ስስ ማሸጊያ) ሲጨመር ምቱ ያጥራል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። በግምት ግን አትጨምር፣ መጀመሪያ በጌጅ ይለካ፤ ከ3 እስከ 4 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አካባቢ ከሆነ ፖምፓውን ተወው።

ጠያቂው

ተባረኩ። ክዳኑን ገልብጬ ስነፋ አየሩ ያልፋል፣ ተንሳፋፊው ደህና ነው። የገረመኝ ከመርፌው መቀመጫ ሥር ሮንዴላ (ስስ የብረት ቀለበት) የሚባል ነገር የለም፣ እንዲሁ ነው የታሰረው። መኖር አለበት እንዴ?

መልስ

አዎ፣ የግድ! እሱ ከሌለ መቀመጫው ወደ ላይ ይወጣል፣ መርፌው ዘግይቶ ይዘጋል፣ ቤንዚኑም ከፍ ብሎ ይሞላል፤ በመቀመጫው ማሰሪያ ጥርስ በኩልም ያልፋል። ሮንዴላው በተለያየ ውፍረት ይመጣል፣ የቤንዚኑ ከፍታ የሚስተካከለውም በእሱ ነው።

ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ያለው የመኪና መለዋወጫ ገበያ) ስትሄድ አሮጌውን መርፌ ይዘህ ሂድ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አስተያይ፣ እዚያው በአፍህ ነፍተህ ሳትሞክር ብር አትክፈል። የክዳኑን ጋርኒሲዮንም አብረህ ግዛ። ገጥመህ ስታስነሳት የአየር ማጣሪያውን አውልቀህ የካርቡራተሩን ጉሮሮ እይ፦ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው) እየሠራ ከዋናው ቱቦ ቤንዚን ጠብ ማለት የለበትም። አሁንም ጠብ ካለ ያኔ ፖምፓውን ለካ።