ግቢው በር ላይ ያሉ ግሮሰሪዎች፦ አቤቱታ ለማን ይቅረብ?

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያሉ ግሮሰሪዎች እስከ እኩለ ሌሊት ሙዚቃ ይለቃሉ። ተማሪዎች ሰክረው ሲወጡ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ድንጋይ ይወራወራሉ። ለማን እንክሰስ?

መልስ 1፦ ተማሪውን ትታችሁ ግሮሰሪውን ክሰሱ። ለመኖሪያ ሰፈር የተፈቀደው ድምፅ ቀን 55፣ ማታ 45 ዴሲቤል ነው። ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አመልክቱ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የቤት ቁጥር፣ የጎረቤት ፊርማ ይኑረው። «ሁሌ ይረብሹናል» የሚል ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው።

መልስ 2፦ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል። መታወቂያ የሚጠይቅ ቤት ግን የታለ? የማመልከቻውን ግልባጭ ለንግድ ጽሕፈት ቤትም አስገቡ።

መልስ 3፦ አረቄ ቤቶቹን አትርሱ፤ በርካሽ የሚሞቃቸው እዚያ ነው። ጠቡም የሚነሳው ግሮሰሪው ዘግቶ፣ የግቢው በር ተቆልፎባቸው ውጭ ሲቀሩ ነው። የተማሪዎች ዲኑና የኮሚዩኒቲ ፖሊሱ በዚያች ሰዓት በሩ ላይ ሰው እንዲያቆሙ ጠይቁ።