ለሴኔት ዕጩዎች ምን እንበላቸው? የማኅበራችን የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ሰላም ወገኖች። የግዛታችን የሳውዝ ዳኮታ ሪፐብሊካን ሴናተር ማይክ ራውንድስ ለአሜሪካ ሴኔት ለሦስተኛ ዘመን ሊመረጡ ይፈልጋሉ። ምርጫው ኖቬምበር 3 ቀን 2026 ነው። እኛ የሱ ፎልስ ከተማ ኢትዮጵያውያን ምን እናድርግ? ሐሳባችሁን ጻፉ፣ አንድ ላይ አድርጌ ረቂቅ አወጣለሁ።

አባል (የማታ ሽፍት)፦ አንዱን ዕጩ መርጠን በይፋ እንደግፍ እንጂ! ዝም ብለን እስከ መቼ?

ሰብሳቢ፦ ወንድሜ፣ አንተ በግልህ የፈለግኸውን ደግፍ። ማኅበሩ ግን ከግብር ነፃ የሆነ በጎ አድራጎት ነው፤ ዕጩ መደገፍም መቃወምም በሕግ አይፈቀድለትም። ሁሉንም በእኩል ጋብዞ መጠየቅ ግን ይችላል።

ወጣት አባል፦ እኩዮቼ «ያለቀለት ነገር ነው» ይላሉ። ራውንድስ በ2020 ከመቶ 65 በላይ ድምፅ አግኝተዋል። ከ2008 ወዲህ ሳውዝ ዳኮታ ላይ የሴኔት ወንበር ያሸነፈ ዲሞክራት የለም።

ነባር አባል፦ ልጄ፣ እዚህ ግዛት ቁጥር መናቅ አይገባም። በ2002 ዲሞክራቱ ሴናተር ቲም ጆንሰን ወንበራቸውን ያስጠበቁት በ524 ድምፅ ብልጫ ነው። ተሸናፊው ሪፐብሊካን ጆን ቱን በ2004 ተመልሰው መጡና የሴኔቱን የዲሞክራቶች መሪ ቶም ዳሽልን በ4,508 ድምፅ ብልጫ አሸነፉ። 524 ሰው እኮ አንድ የሠርግ አዳራሽ ይሞላል። ዘንድሮ ልዩነቱ ያን ያህል ባይጠብም፣ መራጭነታችንን የሚያውቅ ፖለቲከኛ ስልካችንን ያነሳል።

ገንዘብ ያዥ፦ እባካችሁ፣ ከሁሉ በፊት ዜግነት ያላገኘ ሰው እንዳይመዘገብ እንጠንቀቅ። መንጃ ፈቃድ ሲወጣ ፎርሙ ላይ የመራጭነት ጥያቄ አለ። ሰው ቸኩሎ ይፈርማል። በ2024 ግዛቱ ዜጋ ያልሆኑ 273 ሰዎችን ከመራጮች መዝገብ አውጥቷል፤ የገቡት በዚያው በመንጃ ፈቃድ በኩል ነበር። ግሪን ካርድ ላለው ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። ዜግነት ያስከለክላል፣ ከአገርም ሊያስወጣ ይችላል። ፎርም ስንሞላ አማርኛና ኦሮምኛ የሚያስረዳ ሰው አጠገብ ይቀመጥ።

አባል (የማታ ሽፍት)፦ እሺ፣ ሰብሳቢው አሳምነውኛል። ግን ጥያቄያችን ጠንከር ይበል። የሴናተር ቢሮ የተጓተተ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ይከታተላል። ባለጉዳዩ የፈቃድ ወረቀት ከፈረመ ቢሮው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱን ይጠይቅለታል። ይህን የሚያውቅ ስንቱ ነው? ሚስቱን ዓመታት የሚጠብቅ ሰው አጠገቤ ይሠራል፣ አልሰማም ነበር። እያንዳንዱ ዕጩ ለዚህ ሥራ ስንት ሰው እንደሚመድብ ይንገረን።

ነባር አባል፦ ስለ አገር ቤትም ይጠየቁ። ራውንድስ በ2021 እና በ2022 በሴኔቱ የአፍሪካ ንዑስ ኮሚቴ የሪፐብሊካኖቹ ዋና ተወካይ ነበሩ። ጉዳዩ አዲስ አይሆንባቸውም።

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ለሁሉም ዕጩዎች በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይሄዳል። መልሳቸውን ሳንቆርጥ ሳንቀጥል በአማርኛ እናትማለን። ዜጎችን እናስመዘግባለን። የምዝገባው ፎርም ከምርጫው 15 ቀን በፊት መራጮችን የሚመዘግበው የካውንቲው (የወረዳው) ኦዲተር ቢሮ መድረስ አለበት። ከምርጫው 46 ቀን በፊት ጀምሮ አስቀድሞ መምረጥ ስለሚቻል፣ ፋብሪካ ለሚሠሩት መኪና እናዘጋጃለን። መኪና ያላችሁ ስማችሁን እዚሁ ጻፉልኝ።