ሮም ላይ እናትን ይዞ የትኛው ቤተ ክርስቲያን? (ጥቆማ)

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ወር እማዬን ይዤ ለሦስት ቀን ሮም እመጣለሁ። ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን፣ ሥዕሉንም ሕንፃውንም ረጋ ብለን ማየት እንፈልጋለን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃና ሰልፍ አትችልም። አስጎብኚ ልክፈል ወይስ በራሳችን እንሂድ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። እናቴ ዐምና እኔ ጋ መጥታ ስለነበር ጥያቄሽ ይገባኛል። አንድ ቦታ ብቻ የምታዩ ከሆነ ሳንታ ፕራሴዴ ሂዱ። ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ከሳንታ ማሪያ ማጆሬ አጠገብ። ከውጭ ስታዪው ተራ ግንብ ስለሚመስል እንዳታልፉት። መግቢያ አይከፈልም። የቅዱስ ጴጥሮስም መግቢያ ነፃ ነው፣ ግን የፍተሻው ሰልፍ ለእማዬ ጉልበት አይሆንም።

ሳንታ ፕራሴዴን ያሠሩት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፓስካል ቀዳማዊ ናቸው (እ.ኤ.አ. 817–824)። ሥዕሉ ሞዛይክ ነው፤ ጥቃቅን ባለቀለም ጠጠርና መስታወት አንድ በአንድ እየተለጠፈ የተሠራ። ከመንበሩ በላይ ባለው ቅስት ላይ ራእየ ዮሐንስ አለ፦ በጉ፣ ሰባቱ መቅረዞች፣ አርባዕቱ እንስሳ፣ ዝቅ ብሎ ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች አክሊላቸውን በእጃቸው ይዘው። እናቴ ቀና ብላ ትንሽ ዝም አለችና «እነዚህ ካህናተ ሰማይ አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ በጣቷ እየጠቆመች መቁጠር ጀመረች። እኔ በዚያ በር ስንት ጊዜ ገብቼ ወጥቻለሁ፣ እንደሷ ያነበብኩት ግን አንድም ቀን የለም።

በቀኝ በኩል ያለችውን የቅዱስ ዜኖን ትንሽ ጸሎት ቤት እንዳትዘሉ። ጣሪያዋ ሁሉ ወርቅ ነው፤ አራት መላእክት ጌታን በክብ ውስጥ ተሸክመውት ቆመዋል። ፓስካል ለእናታቸው ለቴዎዶራ ነው ያሠሯት። የቴዎዶራም ምስል አለ፤ ከራሷ ኋላ ያለው ብርሃን ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው፣ ሥዕሉ ሲሠራ በሕይወት እንደነበረች ለማሳየት። የሳንቲም ዩሮ ያዙ። ሳጥኑ ውስጥ ሲጨመር መብራቱ ቦግ ይላል፣ ጥቂት ቆይቶም ይጠፋል። እናቴ ጨለማው ሲመለስ «አንድ ጊዜ ጨምሪልኝ» እያለች ሳንቲሜን ጨረሰችው።

አስጎብኚን በተመለከተ፣ እኔ አንዴ ከፍዬ አራት ቤተ ክርስቲያን በግማሽ ቀን አዞሩን። አንዱ ጋ ዐሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ሩጫ። ለእናት አልመክርም። ገንዘቡን ለታክሲ አድርጊው።

ለራስሽ ደግሞ ከኮሎሴዮ አጠገብ ሳን ክሌሜንቴ አለልሽ። ላይኛው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ከሥሩ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም ሥር የሮማውያን ቤቶችና የሚትራ ጣዖት ማምለኪያ። አይርላንዳዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1857 ቁፋሮ እስኪጀምሩ ድረስ የታችኛው ተቀብሮ ነበር። ታች ስትወርጂ ከግድግዳው ጀርባ ውኃ ሲፈስ ይሰማሻል። ለመውረድ ቲኬት ይቆረጣል፣ ደረጃም አለው። እማዬ ላይ ትቀመጥ፤ ከመስቀሉ ሥር የበቀለው ሐረግ ቅስቱን ሁሉ ሞልቶታል፣ በመስቀሉ ላይ ዐሥራ ሁለት ርግቦች አሉ። አይሰለቻትም።

ሌላ መልስ፦ በተባለው እስማማለሁ፣ ግን ሥዕል ለሚወድ ሰው ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ መቅረት የለበትም። ፒያሳ ናቮና አጠገብ ነው፣ ነፃ ነው። ካራቫጆ የቅዱስ ማቴዎስን ታሪክ በሦስት ትልልቅ ሸራ ሥሎበታል። ቀራጮቹ ገንዘብ ሲቆጥሩ ብርሃኑ ከጌታ እጅ በላይ ገብቶ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ በቅርብ ቆማችሁ እዩት። ብዙዎቹ ቤተ ክርስቲያናት ምሳ ሰዓት ይዘጋሉ፣ ጠዋት ውጡ።

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሐበሾቹን ቅዱስ እስጢፋኖስስ ማየት ይቻላል? እማዬ ስሙን ሰምታ ትጠይቀኛለች።

መልስ፦ ቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ስለሆነ እንደሌሎቹ ዝም ብሎ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1479 ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ ነው፤ በግእዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ የ1513ቱ (እ.ኤ.አ.) መዝሙረ ዳዊት፣ በዚህችው ከተማ ነው የወጣው። ይህን ለእማዬ ንገሪያት። ነጠላዋንም ትያዝ፤ ትከሻ የተገለጠ አያስገቡም፣ ጫማ ግን አይወለቅም።