ብርድ የመታው የሩዝ ችግኝ ያገግም ይሆን?

ሐዋሳ በሚገኘው ጓሮዬ ኔሪካ 4 የተባለውን የሩዝ ዝርያ በ12 ባልዲዎች ዘርቼ፣ ችግኞቹ አራት አራት ቅጠል ባወጡበት በኅዳር አጋማሽ ቴርሞሜትሬ ለሦስት ተከታታይ ቀናት ንጋት ላይ 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሳየ። በአራተኛው ቀን የቅጠሎቹ ጫፍ ተጠቅልሎ ነጣ፤ መካከለኛው ቅጠል ግን ጎንበስ ብዬ ስገልጠው ከግርጌው እስካሁን አረንጓዴ ነው። ብርድ የሥሩን ውኃ የመሳብ አቅም ስለሚያዳክም ቅጠሉ ፀሐይ ሲያገኘው እንደሚጠወልግ በማወቄ፣ ማታ ውኃውን ከፍ አድርጌ በላስቲክ እሸፍናቸዋለሁ፤ ጠዋት እገልጣቸዋለሁ። ጎረቤቴ ዩሪያ ጨምሪበት ቢለኝም (የእሱ ጎመን በዚሁ መንገድ ሲቃጠል አይቻለሁ) እስካሁን አልጨመርኩም። የሰባቱ ባልዲዎች ችግኞች አዲስ ቅጠል ጀምረዋል፤ የአምስቱ ግን ከዘጠኝ ቀን በኋላም ባሉበት ቆመዋል። እነዚህን አምስቱን ነቅዬ እንደ አዲስ ልዝራ ወይስ ግርጌያቸው አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ልታገሣቸው?