ባልና ሚስት በትንሣኤ ይተዋወቃሉ?

የእማዬ ልጅ፦
ሰላም ወገኖቼ። አባዬ ካረፈ 2 ዓመቱ ነው፣ ከእማዬ ጋ በቁርባን ተጋብተው 41 ዓመት ኖረዋል። ባለፈው እሁድ ስብከት ላይ ማቴዎስ 22፣ አንዷን ሴት ተራ በተራ አግብተው የሞቱት የሰባቱ ወንድማማቾች ታሪክ፣ "በትንሣኤ የማን ሚስት ትሆናለች?" ተብሎ ጌታ የተጠየቀበት ተነበበና "በትንሣኤስ አያገቡም አይጋቡምም" ሲባል ሰምታ ከዛ ቀን ጀምሮ ዝም ብላለች። ትናንት ቡና ላይ "ታዲያ አባትሽ እዛ ሲያገኘኝ እንደማንም ሴት ነው የሚያየኝ?" አለችኝ፣ መልስ አጣሁ። እባካችሁ የምታውቁ አስረዱኝ፣ ለሷ ነው የማነብላት።

ሰንበት ተማሪ፦
እህቴ ነፍስ ይማር። መጀመሪያ ጠያቂዎቹን እያቸው፣ ሰዱቃውያን ትንሣኤ ሙታን የለም ባዮች ናቸው። የያዙት ዘዳግም 25 ላይ ያለውን ሕግ ነው፣ ሰው ልጅ ሳይወልድ ቢሞት ወንድሙ ሚስቱን አግብቶ ዘር ይተካለት የሚለውን፣ ሞት ስላለ የመጣ ሕግ ማለት ነው። ጌታ ሉቃስ 20፥36 ላይ ከእንግዲህ ሊሞቱ አይችሉም አለ፣ ሞት ከሌለ መተካት የለም፣ መተካት ከሌለ መዳርና ማግባት የለም። አይተዋወቁም ግን የትም አላለም!! እንደውም ለትንሣኤ ማስረጃ ያደረገው "የአብርሃም አምላክ የይስሐቅ አምላክ የያዕቆብ አምላክ" የሚለውን ነው፣ በየስማቸው እኮ ነው የተጠሩት።

ወንጌል አማኝ፦
እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፣ በዚህ እስማማለሁ። ግን እዛም ባልና ሚስት ትሆናላችሁ ብለሽ እንዳታጽናኛት፣ አልተጻፈም። ኤፌሶን 5 ላይ ጳውሎስ ጋብቻን የክርስቶስና የቤተክርስቲያን ምሥጢር ነው ያለው፣ ምሳሌው ወደ እውነተኛው ያደርሳል። መተዋወቁን ከፈለግሽ ዮሐንስ 20፥16ን አንብቢላት፣ መግደላዊት ማርያም ጌታን አትክልተኛ መስሏት ቆማ "ማርያም" ብሎ ሲጠራት ነው ያወቀችው።

ሁለቴ ያገባሁ፦
የመጀመሪያው ባለቤቴ ሞቶብኝ ከ6 ዓመት በኋላ ነው ሌላ ያገባሁት፣ ማታ ማታ እዛ የማን ነኝ እያልኩ ስጨነቅ የንስሐ አባቴ ሮሜ 7፥2ን አሳዩኝ፣ ባል ከሞተ ሚስት ከሕጉ ነፃ ናት ይላል። በቤተክርስቲያን ጸሎት ተጋባን፣ ተክሊል ግን የለውም። ይሄ እናትሽን ዝም ያሰኘ ቃል ለኔ እረፍት ነው የሆነኝ፣ የማን ትሆናለች ብሎ የሚከፋፈለኝ የለም፣ ሁለቱንም ሳላፍር አያቸዋለሁ ብዬ አምናለሁ። ለእማማ ሰላምታዬን አድርሽልኝ።

የእማዬ ልጅ፦
ቃለ ሕይወት ያሰማልን ሁላችሁንም። ሁሉንም አነበብኩላት፣ የመግደላዊት ማርያም ጋ ስደርስ ድገሚልኝ አለች። ከዛ "እሱ ብቻ የሚጠራኝ ስም ነበር" ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች።