በድንኳን ውስጥ የምሽት ፎቶ፦ ፊት ይነጣል፣ ጀርባው ይጨልማል

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ማታ የአክስቴ ልጅ መልስ እዚሁ ሐዋሳ ግቢያችን ውስጥ በድንኳን ይደረጋል፤ ፎቶ አንሺዋ እኔ ነኝ። ባለፈው ልደት ላይ ፍላሹን ፊት ለፊት ሳበራ የሰው ፊት እንደ ኖራ ነጣ፣ ከኋላ ያሉትን ጨለማ ዋጣቸው። የካሜራው ሹተር (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) 1/200 ሰከንድ፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8፣ ለብርሃን ያለው ስሜት አይኤስኦ 200 ላይ ነበር። ፍላሼ አናቱ ይዞራል። ምን ላድርግ?

ባለ ፎቶ ቤቱ፦ እህቴ፣ ችግሩ ከፍላሹ አይደለም። ፍላሽ በቅጽበት ብልጭ ብሎ ስለሚጠፋ የሹተር ፍጥነት ቢቀንስም የፍላሹ ብርሃን አይጨምርም፤ የአምፖሎቹ ብርሃን ግን ሹተሩ ክፍት እስካለ ድረስ ይገባል። አይኤስኦ 1600፣ ኤፍ 4፣ 1/30 አድርጊ፤ ፍላሹን ቲቲኤል ላይ (ካሜራው ራሱ የፍላሹን መጠን የሚለካበት) ተዪው። ርቀትም አለ፦ አንድ ሜትር ላይ ያለችው ሙሽራ ከምታገኘው የፍላሽ ብርሃን ሦስት ሜትር ላይ ላሉት ሚዜዎች የሚደርሳቸው አንድ ዘጠነኛው ብቻ ነው። ልዩነቱ እንዲጠብ ጥቂት ራቅ ብለሽ አንሺ።

የታቦር ልጅ፦ በ1/30 እስክስታ የሚወርድ ሰው ትከሻ ይደበዝዛል እኮ!

ባለ ፎቶ ቤቱ፦ መብራቱ ደብዘዝ ካለ ፍላሹ ሰውየውን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ደማቅ ከሆነ 1/60 ይበቃል። እኔ እንኳ የትከሻ ጥላ ትንሽ ሲቀር ደስ ይለኛል፤ ጭፈራ መሆኑ ይታወቃል።

ከአዳማ፦ ብርሃኑ ከድንኳኑ ሸራ ነጥሮ ለስልሶ እንዲመለስ ፍላሹን ወደ ላይ ማዞር ጥሩ ነው፤ ሸራው ግን ባለ ቀለም ከሆነ ዘመዶችሽን ሁሉ ያንኑ ቀለም ትቀቢያቸዋለሽ። ርካሽ የኤልኢዲ መብራትም ካለ ተጠንቀቂ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ እንዲህ ያለው መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ በፈጣን ሹተር ሥዕሉ ላይ ጥቋቁር መስመር ይጥላል። 1/50 ላይ ሰላም ነው።

የሰርግ አንሺ፦ የሐበሻ ቀሚሱን ረሳችሁት! ነጭ ልብስ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ብርሃን የበዛ ይመስለውና ፍላሹን ይቀንሳል፤ ጥለቱ አምሮ ይወጣል፣ ፊት ግን ይጠቁራል። ሙሽሮችና እናቶች አንድ ላይ ሲቆሙ የፍላሹን ማካካሻ (ካሜራው የመረጠውን የፍላሽ ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻ) ወደ +1 ውሰጂው።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሸራው ሰማያዊ ነው፤ ነጭ ጨርቅ ያለው ከሙሽሮቹ መቀመጫ በላይ ብቻ ነው።

ከአዳማ፦ እንግዲያው እዚያ ወደ ላይ አዙሪው። ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ስትዞሪ ግን ቀጥታ፣ ማካካሻው −1፣ ሹተሩ 1/50። የወንድምሽን ልጅ ነጭ ካርቶን አስይዢውና ፍላሹን ወደ ካርቶኑ ብታዞሪ ደግሞ ይበልጥ ይለሰልሳል፤ ልጁ ወጡን ፍለጋ እስኪጠፋ ድረስ።